አይናለም በቀንድ አውጣው መኪና

አይናለም ፍርሃቷን ደብቃ አታውቅም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ይህን ያውቅላታል። ሰማይ ሲያጉረመርም መስኮቱን ዘግታ፣ ቆጣሪውን አጥፍታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ጥግ ትይዛለች። ውሻ ካየች መንገድ ትቀይራለች። መኪና ላይ ከወጣች ደግሞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ከንፈሯ አያርፍም፤ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ ከጨረሰችም እንደገና ትጀምራለች። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ በጸሐፊነት ስትሠራ የስንቱን ባለሙያ የመስክ ጉዞ ደብዳቤ ጽፋ አሰናብታለች፤ እሷ ግን ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ከከተማዋ ወጥታ አታውቅም ነበር።

የቢሮ ጓደኞቿ «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» እያሉ ሲስቁባት፣ «ያልበው እንጂ! ያላላበው ነው የሰጠመው» ብላ ትመልስላቸው ነበር።

ይህችን ሴት ያገባት ግን ሹፌር ነው። ተስፋው የመንግሥት መኪና እየነዳ ጎጃምን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ነው ያረጀው። ጡረታ የወጣ ሰሞን በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገዱን እያየ አንድ ነገር ይደጋግም ጀመር። «ቡሬን ስንት ጊዜ አለፍኳት አይናለም? አንድ ጊዜ ግን አላየኋትም። ሹፌር ከተማ አያይም፤ አስፋልት ነው የሚያየው።»

ከዓመታት በፊት ሁለት ያረጁ ፈረንጆች ቤት የመሰለ መኪና ይዘው መጥተው በአንድ ሆቴል ግቢ ዛፍ ሥር አቁመው ሰንብተው ነበር። ጠዋት ሻያቸውን እዚያው አፍልተው ይጠጣሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ገበያውን፣ ወንዙን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያዩ ይውላሉ፣ ሲመሽ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ተስፋው ውሃ ሲያቀብላቸው ውስጡን አየ። ያየው ነገር ከልቡ አልወጣም።

እናም አንድ ቀን ከባሕር ዳር ያረጀ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እየነዳ መጣ። ወንበሮቹን ነቅሎ አወጣ፣ አልጋ በብሎን ከወለሉ ጋር አሰረ፣ ለቡታጋዙ ከቆርቆሮ መደርደሪያ ሠራ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል ሰቀለ። አይናለም ፈራሁ እያለችም ቢሆን መጋረጃውን ሰፋችለት። የሰፈሩ ልጆች መኪናው ቤቱን ተሸክሞ ሲዞር አይተው «ቀንድ አውጣ» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ጊዜ ሁሉ ይወጣሉ። ዘመኑ መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ የሚዘጋበት ነውና፣ አይናለም ከመነሳታቸው በፊት መናኸሪያ ሄዳ ከየከተማው የመጡትን ሹፌሮች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ደምበጫ ሆቴል ግቢ ለዘበኛው ሻይ እየጋበዙ አደሩ። አዴት ሰነበቱ። ሊበንም ድረስ ዘለቁ። ተስፋው ከተማውን ሲዞር ሲደሰት፣ እሷ እጁን ይዛ ትዞራለች፤ ስትመለስ ቡታጋዙ እንዳልተነፈሰ ታሸታለች፣ ጎማው ሥር ድንጋይ መኖሩን ታያለች፣ በሩን ከውስጥ በገመድ ታስራለች። «ምን ያህል ተደሰትሽ?» ሲሏት «በሕይወት ተመለስኩ» ነበር መልሷ።

ያ ሰኔ የመጣው እንዲህ ስትኖር ነው።

ተስፋው በሥራ ዘመኑ ብዙ ጊዜ በመኪናው ያሳፈራቸው መሪጌታ ክንፈሚካኤል የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከቡሬ በጠጠሩ መንገድ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ያስተምራሉ። «የሰኔ ሚካኤልን እኛ ዘንድ አክብሩ» ብለው ላኩባቸው። ቀንድ አውጣው ከጠጠሩ ወጥቶ፣ የጥማድ በሬ በሚሄድበት ቁልቁለት ወርዶ፣ አንዲት ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ ከደብሩ በታች ካለው መስክ ላይ ቆመ። ወንዟን ሲሻገሩ ውሃዋ ድንጋዩን እንኳ አልሸፈነም። አይናለም ግን ወረደችና በእግሯ ተሻገረች።

በዓሉ በደስታ ዋለ። በማግሥቱ ቡሬ ተመልሰው የበርበሬ ገበያውን ሊያዩ አስበው ነበር። ነገር ግን በዚያው በበዓሉ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቆረ። ዝናቡ መጣል ብቻ አይደለም፣ ተገለበጠ። የመኪናው ጣሪያ ቆርቆሮ ነውና የሚሰማው ጩኸት የሰው ድምፅ ያጠፋል። መብረቅ ከደብሩ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ሲመታ አይናለም አልጋው ላይ ተጠቅልላ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ተስፋው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ «ኧረ ሰዎች እየመጡ ነው» አለ።

«ምን ዓይነት ሰዎች?» አለች ሳትነሳ።

«ቃሬዛ ተሸክመዋል።»

አራት ወንዶች ናቸው፤ ቃሬዛው ላይ ላስቲክ ተሸፍኖ የሆነ ነገር ያቃስታል። ከፊት የተሸከመው ልጅ እግር ጎልማሳ ድረስ ይባላል። ቃሬዛውን አሳርፎ በሩን አንኳኳ።

«አባቴ፣ በሚካኤል ይዤዎታለሁ» አለ። «ሚስቴ ሰብሊ ናት። ምጥ ከያዛት ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ልጁ አልወርድ አለ። ስልኩም ኔትወርክ የለው። በሸክም ቡሬ አናደርሳትም፤ መንገድ ላይ ትሞትብናለች። አልጋ ያለው መኪና ቆሟል ሲሉን ነው የመጣነው።»

ተስፋው ወደ አይናለም ዞረ።

አይናለም ተነስታ ተቀምጣለች። ከላስቲኩ ሥር የወጣችውን እጅ አየች፤ ጭቃ የነካት፣ ጨርቅ የጨበጠች የልጅ እጅ። ያን ጊዜ ከአፏ የወጣው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ወንዙስ? ወንዙ ሞልቶ ይሆናል እኮ! ደግሞ... ደግሞ እዚህ ውስጥ ብትሞትስ?»

ቃሬዛውን ተከትለው የመጡት መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጋቢያቸው ረጥቦ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ወደ በሩ ጠጋ አሉና እንደ ልማዳቸው ነገሩን በሰምና ወርቅ ጠቅልለው ተናገሩ። «አይዞሽ ልጄ። ሳይፈራ ያፈራ የለም።»

መሪጌታው አይናለም ልጅ እንዳልወለደች አያውቁም ነበር። ቃሉ እሾህ ሆኖ ገባ። ስትፈራ ኖራለች፤ ምን አፈራች? ለአፍታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አነሳችና «አግቧት» አለች። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

ሰብሊን አልጋው ላይ አስተኟት። የሃያ ዓመት ልጅ ብትሆን ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሦስቱ ወንዶች መኪናውን ሊገፉ ከኋላ ተሰለፉ፤ ድረስ ከሹፌሩ ጎን ወጣ። ከሰብሊ ጋር የቀረችው አይናለም ብቻ ናት። ልጅ ሲወለድ አይታ የማታውቅ፣ ደም ስታይ ፊቷን የምታዞር አይናለም።

መኪናው እየተንሸራተተ ቁልቁል ወረደ። ሰብሊ የአይናለምን ክንድ ጨበጠች፤ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ ገባ።

«እናቴ፣ ልሞት ነው?»

አይናለም ዋሽታ ልታጽናናት ፈለገች፤ ውሸቱ ግን አልመጣላትም። «አላውቅም ልጄ» አለቻት። «እኔም ፈርቻለሁ።»

ሰብሊ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት። «አንቱም ይፈራሉ?»

«እኔማ የታወቅኩ ፈሪ ነኝ። ፍኖተ ሰላምን ጠይቂ።»

ልጅቱ በዚያ ሥቃይ ውስጥ ፈገግ ያለች መሰለች። «ፍኖተ ሰላምን አላውቃትም» አለች። «ከቡሬ አልፌ አላውቅም። እንዴት ያለች ናት?»

አይናለም መናገር ጀመረች። ጸሎቷ ጠፍቶባት ነበር፤ የመጣላት ይኼ ነው። ስለ ፍኖተ ሰላም ማንጎና ብርቱካን ነገረቻት። ስለ ደምበጫ፣ አውቶቡስ ሲቆም ልጆች በቆሎ እሸት ይዘው መስኮት ለመስኮት ሲሻሙ ነገረቻት። እየተናገረች ራሷን ገረማት፤ እየፈራች ያየችው ሁሉ አንድ ሳይቀር ዓይኗ ላይ አለ። ሆቴሉ ግቢ ያለው የዋንዛ ዛፍ፣ የዘበኛው አረንጓዴ ካፖርት፣ የሊበን ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንች ስትሸጥ የነበረችው ሴት ሳቅ።

«አዴት ደግሞ...» ስትል መኪናው ቆመ።

ወንዙ ሲመጡ የተሻገሩት ወንዝ አይደለም። ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ እንደ ወፍጮ ቤት እያጓራ ይሄዳል። ድረስ ሱሪውን ሰብስቦ ረጅም ዱላ ይዞ ገባ፤ ወገቡ ላይ ደረሰበት። በዱላው እየለካ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያለ በእጁ አመለከተ። ተስፋው ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን አያት። በትዳር ዘመናቸው እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«አይናለም፣ ምንም ቢሆን በሩን እንዳትከፍቺ» አላት።

ከፍርሃት ሁሉ የከፋው ያ ቃል ነበር። ምንም ቢሆን ማለት ምን ማለት ነው?

ገቡ። ቀንድ አውጣው በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ተንገጫግጮ ወደ ግራ አዘነበለ። ውሃው ጎኑን ሲመታው የበሬ ግፊያ ይመስላል። ከበሩ ሥር ቀጭን ውሃ ገባ፤ ቀጥሎ ወፍራም። ድስቱ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንሳፈፈ፣ ጀሪካኑ ተከተለው። የአይናለም እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀዘቀዘ። እሷ ሁለት እጆቿን በሰብሊ ደረት ላይ አሻግራ የአልጋውን ብረት ይዛለች፤ ልጅቱን ከልላ፣ ወይም በልጅቱ ተሸሽጋ፤ የትኛው እንደሆነ ኋላም አላወቀችውም። ከፊት «ድረስ! ድረስ!» የሚል የተስፋው ጩኸት ተሰማ። በመስኮቱ ስታይ ወጣቱ ተንሸራትቶ ውሃው ሲወስደው፣ የመኪናውን መስተዋት ብረት በአንድ እጁ ጨብጦ ተንጠለጠለ። ተስፋው ነዳጁን አልለቀቀም። ቢለቀው ሞተሩ ውሃ ይውጣል፤ ያኔ ለአራቱም አበቃላቸው።

«ስለ አዴት...» አለች ሰብሊ ዓይኗን ጨፍና። «አዴት አሉኝ እኮ። ገበያው ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው» አለች አይናለም እየጮኸች። «ትልቅ ነው ልጄ! ሰዉ ከየገጠሩ ይመጣል፤ በቅሎ አለ፣ ማር በቅል ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ አንዱ ማር ሻጭ በግድ አስልሶኝ...»

የፊቱ ጎማ ደረቅ መሬት ነካ። ድረስ መስተዋቱን ለቆ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ውሃ አስታወከና ተነስቶ መሮጥ ጀመረ።

ተሻገሩ ብለው ትንፋሻቸውን ሳይመልሱ ዳገቱ መጣ። ጥቁር አፈር ነው፤ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። የሚገፉት ሰዎች ከወንዙ ማዶ ቀርተዋል። ድረስ ወደ አንድ ማሳ እየጮኸ ሮጠ። ለዘር ሲያርሱ ዝናብ ያስጠለላቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ ወዲያው ሁለት ጥማድ በሬ ነድተው መጡ። ገመድ ከመኪናው ጋር አሰሩ፤ ጅራፍ ጮኸ፤ በሬዎቹ እየተንበረከኩ ጎተቱ። ቀንድ አውጣው ስንዝር ስንዝር ወጣ።

በዚያ መሐል ሰብሊ ዝም አለች።

አይናለም መጀመሪያ አላስተዋለችም፤ ስለ ማሩ ማውራቷን ቀጥላ ነበር። ክንዷን የያዘው ጥፍር ሲላላ ነው የነቃችው። «ሰብሊ» አለች። «ሰብሊ! ልጄ!» ጉንጯን መታች። ጆሮዋን ደረቷ ላይ አደረገች፤ የዝናቡ ጩኸት ግን ሁሉን ነገር ሸፍኖታል፣ ልብ ይምታ አይምታ አትሰማም። ያኔ አይናለም በዕድሜዋ የፈራችውን ፍርሃት ሁሉ በአንድነት ፈራች። መብረቁን፣ ውሻውን፣ ገደሉን፣ ሁሉን። ሮጣ ትወጣ ዘንድ በሩን አየች። አልወጣችም። አፏን ሰብሊ ጆሮ ላይ አድርጋ፣ «እንዳትተኚ። እንዳትተኚብኝ። ብቻዬን እንዳትተዪኝ፤ እፈራለሁ» አለቻት።

ቀዝቃዛ ጣቶች የእሷን ጣቶች ፈለጉ። በጣም በቀስታ። ግን ያዟት።

ጠጠሩ መንገድ ላይ ሲወጡ ተስፋው በሕይወቱ ነድቶ የማያውቀውን ነዳ። ቡሬ ሆስፒታል በር ላይ ደርሰው ነርሶች ሰብሊን ሲያወርዷት፣ አይናለም ከአልጋው ጋር ተቆራኝታ እጇን ማላቀቅ አቃታት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀላት ባሏ ነው።

ሐኪሞቹ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት። ድረስ ባዶ እግሩን ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ ቀረ። አይናለም እርጥብ ቀሚሷን እንደለበሰች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ወጥታ ሴት ልጅ መወለዷን፣ ደክማ ብትሆንም መተንፈሷን ነገረቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደሙ አልቆም ስላለ እናቲቱን ለማዳን ማሕፀኗን ማውጣት ግድ እንደሆነባቸው ተናገረች።

ድረስ ከመሬቱ ተነሳ። «ሰብሊ ትኑርልኝ» አለ።

እነ ተስፋው ቀንድ አውጣውን ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ አቁመው ሰነበቱ። ተስፋው ለአስታማሚዎቹ ሾርባ ያሞቃል። አይናለም በየጠዋቱ ሰብሊ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች። ስለ ማሕፀኗ የተነገራት ቀን ሰብሊ አላለቀሰችም፤ ልጇን እንደታቀፈች፣ «እናቴ፣ አንቱ ስንት ወለዱ?» ብላ ጠየቀች።

«አልወለድኩም» አለች አይናለም።

ሰብሊ ዞራ አየቻት። ሕፃኗን «እስኪ ይያዙልኝ፣ ክንዴ ዛለ» ብላ ሰጠቻት። አይናለም እንዳትጥላት ፈርታ ሕፃኗ ከእንቅልፏ እስክትነሳ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።

ሰው ከዚህ በኋላ አይናለም ፍርሃት ለቀቃት ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልለቀቃትም። እንዲያውም ነገሩ ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው የመጣባት። ወደ ቤት ሊመለሱ በተነሱበት ጠዋት ቀንድ አውጣው ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ቆመች፤ ሁለተኛው አልነሳ አላት። ፍራሹ ተቀይሯል፣ ወለሉ ታጥቧል፤ እሷ ግን ውሃው ከበሩ ሥር ሲገባ ታያለች። ላብ አጠመቃት። ተስፋው «ነይ እንጂ» ሳይል አያት፤ ከዚያ ጃኬቱን ደርቦ መናኸሪያ ድረስ ሸኛትና በሕዝብ ሚኒባስ አሳፈራት። እሱ ባዶ ቤቱን እየነዳ ከኋላ ተከተላት።

ክረምቱን ሙሉ ቀንድ አውጣው ግቢ ውስጥ ቆመ። ዶሮዎች ከሥሩ ተጠለሉ። ተስፋው አንድ ቀንም አልወተወታትም፤ ብቻ አልፎ አልፎ ሞተሩን አስነስቶ ያጠፋል። እሷም መስኮት ላይ ሆና ታዳምጣለች።

መስቀል አልፎ አደይ አበባው ሲረግፍ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «ጂጋን አላየናትም» አለች።

ተስፋው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «ጂጋ እዚህች አፍንጫችን ሥር ያለችው?»

«ወንዝ ውስጥ ገብተን አንሻገርም። ድልድይ ብቻ። ዝናብ ካለ እንመለሳለን። ምንም ቢሆን የሚባል ቃል ደግሞ ከአፍህ እንዳይወጣ።»

«እሺ» አለ ተስፋው።

ጂጋ ደርሰው አንድ ሻይ ቤት ጓሮ አቆሙ። አይናለም ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፣ ቡታጋዙን አሸተተች፣ በሩን ገፋ አድርጋ መዘጋቱን አየች፣ እንደገና ገፋችው። ተስፋው ከመሪው ሥር የላላ ብሎን ሲያጠብቅ ቆየ። ቀና ሲል ከጎኑ አጣት። ጃንጥላዋን ይዛ፣ ግራና ቀኝ ውሻ መኖሩን እያየች፣ ብቻዋን ወደ ገበያው እየወረደች ነበር።